መድኃኒቱን ማን ይከፍላል ብዬ ሳልጠይቅ ገባሁ

የታናሽ እህቴ ኩላሊት ሰውነቴ ውስጥ ከገባ ስምንት ዓመት ሆነው። አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሠራለሁ። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። በርጩማ፣ አልጋ፣ የልጆች ጠረጴዛ እሠራለሁ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ አልጽፍም፤ እሱን ሐኪሞቹ ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል። እኔን ያንገላታኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በየወሩ የሚገዛው መድኃኒት፣ እና ያንን ይከፍልልኛል ብዬ የተማመንኩበት የጤና መድህን።

ሰሞኑን አንድ ወጣት ከሰቃ፣ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሱቄ ድረስ መጣ። ወንድሙ ሊሰጠው ተስማምቷል። ምርመራው አልቋል። ብሩም ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። «ከዚያ በኋላስ መድኃኒቱን በምን ትገዛዋለህ?» አልኩት። ሁለቱም ዝም ብለው ተያዩ። እኔም በ2010 ዓ.ም. ልክ እንደነሱ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እነሱን ለመሰሉ ሁሉ ነው።

ሕመሜ የጀመረው በደም ግፊት ነው። ራሴን ሲያመኝ ማስታገሻ እየዋጥኩ ዓመታት አሳለፍኩ። በ2009 ዓ.ም. እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ ተመረመርኩ። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ደክመው ነበር። አዲስ አበባ ተላክሁ። ኮልፌ አክስቴ ቤት አርፌ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ጀመርኩ። ዐሥራ አንድ ወር እንዲያ ቆየሁ።

በጤና መድህኑ ላይ የነበረኝ እምነት ከእናቴ የመጣ ነው። እናቴ የሊሙ ኮሳ ሰው ናት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዱ ሊሙ ኮሳ ነበር። እናቴ ቀድመው ከተመዘገቡት ናት። አንድ ዓመት ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ስትደረግ፣ እኛ ከኪሳችን ያወጣነው የመኪናና የምግብ ብቻ ነው። ያንን ያየ ሰው ካርዱን እንደ ወርቅ ነው የሚይዘው። እኔም ጅማ ትዳር ስይዝ፣ የእኛም ቀበሌ ምዝገባ ሲጀምር፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ፎቶ ለጥፌ ካርድ አወጣሁ። መዋጮዬን በየዓመቱ ሳላጓድል ከፈልኩ።

እጥበት የጀመርኩ ቀን ያንን ካርድ በኩራት አውጥቼ በመስኮቱ አቀበልኩ። ልጅቷ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችውና በቀስታ መለሰችልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ እጥበት አይሸፍንም። ንቅለ ተከላም አይሸፍንም።» የተሳሳተች መሰለኝ። ጅማ ደውዬ ጠየቅሁ። ትክክል ናት አሉኝ።

በኋላ ሕግ የሚያውቅ ጎረቤቴ አስረዳኝ። ለደመወዝተኞች ተብሎ የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005 እንኳ የማይሸፈኑትን ሲዘረዝር የአካል ንቅለ ተከላን በስሙ ይጠራዋል። የኩላሊት እጥበትንም ያወጣዋል፤ ኩላሊት በድንገት ሲደክም ለሚደረገው ካልሆነ በቀር። ከአገር ውጪ የሚደረግ ሕክምናም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። የእኛም ካርድ በዚህ ከዚያ የተለየ አልነበረም።

ምክንያቱ አይገባኝም አልልም። ከየቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚዋጣ ትንሽ ገንዘብ ነው። ወባውን፣ ሳንባ ምቹን፣ ግፊቱን፣ ምጡን ይሸከም ተብሎ የተሠራ ነው። ግን ማንም ቁጭ አድርጎ «ይሄ አለ፣ ይሄ የለም» ብሎኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ስመዘገብ የጠየቅሁት ስንት እንደሚከፈል ብቻ ነው። እናንተ ምን እንደማይሸፍን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ በወረቀት የሰፈረውን አሳዩኝ በሉ። የየአካባቢው አሠራር ሊለያይ ስለሚችል የእኔን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ሁለት ስህተት የሠራሁት በዚያ ንዴት ውስጥ ሆኜ ነው።

አንደኛው፣ ካርዱን ማሳደስ ተውኩ። «ለቸገረኝ ጊዜ ካልደረሰልኝ ምን ያደርግልኛል?» አልኩ። ባለቤቴ ለልጆቹ እንኳ እንክፈል ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ።

ሁለተኛው ከዚያ ይከፋል። ለንቅለ ተከላው ገንዘብ ስናሰባስብ የእድሩ ሰው አዋጣ፣ መስጊድ ተለመነልን፣ የባለቤቴ ወንድሞች ከቡና ሽያጭ ሰጡን። ያም ሆኖ ጎደለ። ጎዶሎውን የሞላሁት የእንጨት መላጊያና መሰንጠቂያ ማሽኔን ሸጬ ነው። የመተከያውን ወጪ እንጂ ከተተከለ በኋላ የሚኖረውን ጨርሶ አላሰብኩም። ድኜ ስመለስ የሚያበላኝም፣ መድኃኒት የሚገዛልኝም ያ ማሽን ነበር። ዛሬ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው፦ መሥሪያህን አትሽጥ። ላሟን፣ ባጃጇን፣ የልብስ ስፌት መኪናውን አትሽጥ። ቀን ይራዘም፣ ሌላ ይሸጥ፣ ብድር ይለመን።

እህቴ ኩላሊቷን የሰጠችኝ በጥር 2010 ነው። ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። የጀመረው በ2008 መስከረም ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሕንድ ይሄዳል፣ የሌለው ይቀራል። እኔ በደህናው ዘመን ደረስኩ። ኩላሊቱም ወዲያው ሠራ። ለወራት ጠብ ያላለው ሽንት ሲወርድ ሳይ አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ መድኃኒት የምታስረዳ ልጅ አልጋዬ ላይ ሁሉንም ዘርዝራ አስቀመጠችልኝ። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን። ከኢንፌክሽን የሚከላከል ኮትሪሞክሳዞል። ለግፊት አምሎዲፒን። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሰውነትህ ዘበኛ አለው። የእህትህን ኩላሊት ሌባ ነው ብሎ ነው የሚያየው። እነዚህ ሦስቱ ዘበኛውን ያደነዝዙልሃል። አንድ ቀን ካረፈድክበት ይነቃል።» እስከ መቼ ነው የምውጠው ስላት «ኩላሊቱ እስካለ ድረስ» አለች። እኔ ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት መስሎኝ ነበር።

ታክሮሊመስ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው የምውጠው። በመሀሉ ዐሥራ ሁለት ሰዓት። ስልኬ ላይ ሁለት ደወል ሞላሁ። የደም ምርመራ ባለኝ ቀን የጠዋቱን ሳልውጥ ሄጄ ደም ከሰጠሁ በኋላ ነው የምውጠው፤ የሚለካው ከሚቀጥለው ፍሬ በፊት ደም ውስጥ የቀረው መጠን ስለሆነ። ይህን ረስቼ አንድ ጊዜ ውጬ ሄድኩ። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ የሰጠሁት ደም ከንቱ ቀረ። ለቀጠሮ ስትሄዱ ፍሬውን በኪሳችሁ ያዙ፤ ስትጨርሱ እዚያው ዋጡ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒት ይዤ ነው የወጣሁት። አልቆ ልገዛ ስሄድ ነው የገባኝ። ፕሬድኒሶሎኑ ርካሽ ነው። ሁለቱ ግን ከጅማ ፋርማሲዎች እንደልብ አይገኙም፤ አዲስ አበባ ሲገኙም የአንድ ወሩ ዋጋ ያለ ማሽን በእጅ መጋዝ ሠርቼ በወር ከማገኘው ይበልጥ ነበር። ደረሰኙን ይዤ ፋርማሲው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። በየወሩ። ዕድሜ ልክ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሳል ያዘኝ። ጅማ ክረምቱ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሐኪም ሳላይ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ጠንከር ያለ ስጡኝ» አልኩ። ክላሪትሮማይሲን ሰጡኝ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንዳለኝ አልነገርኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም። በአራተኛው ቀን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምስማር መያዝ አቃተኝ። ሻይ ስጠጣ ብርጭቆው ከጥርሴ ጋር ይጋጭ ነበር። ያ መድኃኒት ታክሮሊመሱ ከሰውነት እንዳይወጣ ያግደዋል፤ ደሜ ውስጥ ከልክ በላይ ተከማችቶ ነበር። የተገላቢጦሹም አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን አጥቦ ያወጣውና ኩላሊቱን ያለ ጠባቂ ይተወዋል። የወገብ ሕመም የምናስታግስባቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ራሱን ኩላሊቱን ይጎዱታል። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ባንኮኒው ጋ ስትቆሙ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ኩላሊት ተተክሎልኛል፣ ታክሮሊመስ እወስዳለሁ» ይሁን። የባህል መድኃኒትንም ይጨምራል። ጎረቤት በፍቅር የሚያመጣልንን ቅጠላ ቅጠል አመስግናችሁ ተቀበሉና አስቀምጡት።

ሳሉ ሳንባ ምች ሆኖ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። አልጋው፣ መርፌው፣ ራጁ፣ ላብራቶሪው፣ ሁሉም ከኪሴ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ከማና የመጡ አባት ተኝተው ነበር። እሳቸውም ሳንባ ምች ነበራቸው። ልጃቸው የጤና መድህን ካርዱን አሳይቶ፣ ፈርሞ፣ ይዟቸው ወጣ። እኔ ባለቤቴ የጆሮ ጌጧን እስክትሸጥ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ካርዴን ባላቋርጠው ኖሮ ያን ሁሉ ይሸፍንልኝ ነበር። ንቅለ ተከላውን አይሸፍንም እንጂ እንደ ማንኛውም ታማሚ ሰው ያሳክመኝ ነበር። የገባኝ ያን ቀን ነው።

የምዝገባው ወቅት አልፎ ስለነበር እስከሚቀጥለው መጠበቅ ነበረብኝ። ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሄጄ ከፈልኩ።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ማንም ስላልነገረኝ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ክትትሌን የምታውቅ አንዲት የሆስፒታል ፋርማሲ ባለሙያ ማዘዣዬን አይታ «ለምን ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ ያስጽፉታል?» አለችኝ። አንድ ወረቀት ላይ ስድስት መድኃኒት አለ። ታክሮሊመስ ከላይ ስለተጻፈ መድህን ክፍሉ «ይሄ የንቅለ ተከላ ነው» ብሎ ወረቀቱን እንዳለ ይመልሰዋል። እኔም ስድስቱንም በገንዘቤ ስገዛ ከርሜያለሁ። «ሐኪሙን ሁለት ማዘዣ ይጻፍልኝ በላቸው» አለች። አንዱ ላይ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት። ሌላው ላይ አምሎዲፒን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ፕሬድኒሶሎን እና የመሳሰለው። ሁለተኛውን ወረቀት በካርዴ ወሰድኩ። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚበዛ ቆሻሻ)፣ ሽንት፣ የደም ሴል ቆጠራ የመሳሰሉ ምርመራዎችንም እዚሁ ጅማ በካርዴ ማሠራት ጀመርኩ። ለታክሮሊመስ መጠን ብቻ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የተረፈው ብር ዋናውን መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ባይገዛም ከሩብ ያላነሰውን ቻለልኝ።

ዶክተሩ ለዚህ አልተቆጡም። «ቀድመህ ብትነግረኝስ?» ነው ያሉኝ። ሐኪም የምንከፍለውን አያውቅም። ካልነገርነው ከየት ያውቃል? «ዶክተር፣ ይሄን መግዛት አልቻልኩም» ማለት ነውር መስሎን ዝም እንላለን። እኔ አፍሬ ዝም ባልኩት ነገር ኩላሊቴን ላጣ ነበር፤ እሱን ልንገራችሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ሪፈር አንድ ነገር። ካርዱ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር ወረቀት ደረጃውን ሲሄድ ነው። እኔ ቀጥታ ሆስፒታል እየሄድኩ ብዙ ጊዜ ተመልሻለሁ። ሪፈሩ የሚያገለግልበት ጊዜ ስላለው፣ ቀኑን አይታችሁ ሳያልፍ አሳድሱት። የሚሸፈን መድኃኒት ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ደግሞ ዝም ብላችሁ ውጪ አትግዙ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማህተም ይመታላችሁና ሕጋዊ ደረሰኝ ካለው ፋርማሲ ግዙ። ከዚያ በፊት ጽሕፈት ቤቱን የመመለሻ አሠራሩን ጠይቁ። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ብሬ ተመልሶልኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ስሜ ስላልተጻፈ ቀርቶብኛል።

አሁን ወደ 2012። መጋቢት 4 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። ወሩ ሳያልቅ የሕዝብ ትራንስፖርት ቆመ። የእኔ መድኃኒት ደግሞ የሚመጣው በመኪና ነው፤ አክስቴ ገዝታ በሹፌር ትልክልኝ ነበር። ሣጥኔን ከፍቼ ስቆጥር 36 ፍሬ ታክሮሊመስ ቀርቷል። በቀን አራት ነው የምውጠው፣ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት። ዘጠኝ ቀን ማለት ነው። የእንጨት ሒሳብ የምሠራበት ደብተር ላይ ጻፍኩት። 36 ለ4፣ ዘጠኝ። ከሥሩ ደግሞ 36 ለ2፣ ዐሥራ ስምንት። ሁለተኛውን አከበብኩት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም ቢሆን። የሚያሳዝነው፣ ምንም አልተሰማኝም። አልደከመኝም፣ አላመመኝም። በዐሥረኛው ቀን እንዲያውም «ድሮስ ይሄን ያህል ያስፈልገኝ ነበር?» ብዬ አሰብኩ። ሰው የሚያጠፋው ይህ ነው። ዘበኛው ሲነቃ ድምፅ አያሰማም። በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ፊቴ አብጦ ዓይኔ ጠበበ። ሽንቴ ቀነሰ። ካርዴን ይዤ ሄጄ ክሪያቲኒን ተሠራልኝ። ሁልጊዜ 1.2 የነበረው 2.9 ሆኖ ወጣ።

የጭነት መኪና ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የሐኪም ደብዳቤ ይዤ አንድ ቡና የጫነ መኪና ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ መስኮት ከፍቼ። ጊቤ በረሃ ስንደርስ ሹፌሩ «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። እህቴ የሰጠችኝን በእጄ አጠፋሁት ብዬ ነገርኩት። ሌላ ሳይናገር እስከ ወልቂጤ ነዳ።

ሦስት ቀን በደም ሥር ከባድ የስቴሮይድ መድኃኒት ተሰጠኝ። ኩላሊቱ ተረፈ። ግን ወደ 1.2 አልተመለሰም። 1.7 ላይ ቆመ፤ ዛሬም እዚያው አካባቢ ነው። በዐሥራ ሰባት ቀን ያጠራቀምኩት 34 ፍሬ የወሰደብኝን ምንም አይመልሰውም። ዶክተሩ ሲሰሙ «አንድ ስልክ ብትደውል፣ ከሌላ ታካሚ ተበድሬም ቢሆን እሰጥህ ነበር» አሉኝ።

ሊያልቅባችሁ ሲል ደውሉ። ለሐኪማችሁ፣ ለሲስተሯ፣ ለሌላ ተተካይ። ከመቀነስ በፊት ደውሉ። የስልኩ ሒሳብ ከሌላችሁ ተበደሩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሬን አስተካከልኩ። በእቁባችን ውስጥ ችግሬን ተናገርኩ። እጣው ሲወጣልኝ አንድ ሳንቲም ለሌላ ሳልነካ የሦስት ወር መድኃኒት እገዛበታለሁ። ዕጣ የደረሳቸው ሁለት ጓደኞቼ ጠብቦኝ ሲያዩ ተራቸውን ለቀውልኛል። ሁልጊዜ የአንድ ወር መጠባበቂያ አለኝ፤ መጠባበቂያው ሲነካ እንደ አለቀ ነው የምቆጥረው። ስገዛ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን አያለሁ፤ አዲሱን ከኋላ፣ አሮጌውን ከፊት። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ አድርጌ የመኪና ጣራ ላይ አላስጭነውም። የጊቤን ሙቀት እናውቀዋለን። ጉያዬ ውስጥ ነው የሚመጣው።

ስለ ስሙም ልብ በሉ። ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ዋና ስም ይጻፍላችሁ። ፕሮግራፍ፣ ፓንግራፍ፣ ሌላም ስም ያለው ታክሮሊመስ አለ። የሚረክሰውን ልግዛ ማለት ነውር የለውም። ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሩ ለሐኪማችሁ ነግራችሁ፣ ከቀየራችሁ በኋላ መጠኑ በደም ተለክቶ ይሁን። አንድ ሳምንት ይሄኛውን፣ አንድ ሳምንት ያኛውን መዋጥ አደገኛ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የላከውንም ሣጥኑን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩ። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ፣ በቀን አንዴ ብቻ የሚወሰድ ዓይነት ስላለ ስሙ ተመሳሰለ ብላችሁ አትዋጡ።

ረመዳን ሲመጣ ብዙ ወንድሞቼ ፍሬውን በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ያደርጉታል። በመሀሉ ያለው ሰዓት እኩል አይሆንም፣ ውኃውም ቀኑን ሙሉ ይቋረጣል። እኔን ሐኪሜም ሸኻችንም አትጹም ብለውኛል። ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ ሁዳዴ የምትጾሙም እንዲሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው እንደገና ሄደ። መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚገባው፤ ዶላር ሲወጣ እሱም ይወጣል። ያን ጊዜ መጠባበቂያው ባይኖረኝ እንደ 2012 እሆን ነበር።

አሜሪካ የምትኖር ዘመዴን «እናንተስ ጋ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። እዚያ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድህን ለኩላሊት ታማሚ እጥበቱንም ተከላውንም ይከፍላል። ሆኖም በዕድሜ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሌላ መብት የሌለው ሰው፣ ከተተከለለት 36 ወር በኋላ ሽፋኑ ይቋረጥበት ነበር፤ የመድኃኒቱም ጭምር። ሰው ፍሬ እየቀነሰ ኩላሊቱን ያጣና መልሶ መንግሥት እጥበቱን ይከፍልለታል። ሕጉን ያስተካከሉት ገና በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ነው፤ ሌላ መድህን ለሌለው ሰው የመድኃኒቱ ሽፋን እንዲቀጥል የተደረገው ከ2023 ጥር ጀምሮ ነው። ይህን ስሰማ ለእኛም ይቻላል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እጥበት ከመድኃኒቱ ይወደዳል። አንድ የተተከለ ኩላሊት ሲበላሽ ታካሚውም፣ የሰጠውም ሰው፣ የከፈለውም ሁሉ ነው የሚከስረው። ጽሕፈት ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ይህን እላለሁ። የሚሰማኝ አለ፣ የማይሰማኝም አለ። ግን እየደጋገምኩ እላለሁ፤ እናንተም በሉ።

እህቴን ሳልጠቅስ ብጨርስ አላህ ይታዘበኛል። ሁላችንም የተቀባዩን ነው የምናስታውሰው። ሰጪው አንድ ሳምንት ተመስግኖ ይረሳል። እህቴ ሊሙ ገነት ነው ትዳሯ፤ ሦስት ልጆች አሏት። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ግፊቷን ተለክታ አታውቅም ነበር። አንድ ኩላሊት ያለው ሰው በየዓመቱ ግፊቱ፣ ክሪያቲኒኑና ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ ሊታይ ይገባል። ይህ በወረዳዋ የጤና መድህን ካርድ የሚታይ ቀላል ነገር ነው። ካርዷ ግን ሳይታደስ ቀርቶ ነበር፤ አላስታወስኳትም። አሁን በየዓመቱ የእሷን ቤት መዋጮ የምከፍለው እኔ ነኝ። ባሏ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ በኋላ ተወው። ባለፈው ዓመት ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኝቶ መድኃኒት ጀመረች። በጊዜ ተገኘ።

ማታ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ትደውላለች። ሰላምታ የለም። «ጋሼ፣ ዋጥክ?» ነው። «ዋጥኩ።» «አንቺስ?» «ዋጥኩ።» ከዚያ ነው ስለ ልጆቹ የምናወራው።

ለሰቃው ወጣት ማሽኑን እንዳይሸጥ ነግሬዋለሁ፤ ብረት በያጅ ነው። ከወንድሙ ጋር ወደ ጤና መድህን ጽሕፈት ቤቱ አብሬያቸው ሄጄ ካርዳቸው የሚሸፍነውን አንድ በአንድ አስነበብናቸው። የወር መድኃኒቱን ዋጋም ፋርማሲ አስደውለን ወረቀት ላይ ጻፍነው። ቀዶ ሕክምናውን ሁለት ወር አራዝመውታል፣ የመጀመሪያው ስድስት ወር መድኃኒት ገንዘብ እስኪሞላ። የእኔ የዘንድሮ መዋጮ ተከፍሏል። ደረሰኙ ከዋንዛ በሠራኋት የመድኃኒት ሣጥን ክዳን ውስጥ ተለጥፏል፤ ከእህቴ ደረሰኝ ጎን።